እሳት ሊጭር የመጣ ደብዳቤ

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? ምንጣፍ ስትሸከሚ ቀጭ አለብኝ ያልሽው ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስታጎነብሺ ይይዝሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ዳገት አይወድም፤ ዓይኔም ከቀትር በኋላ ፊደሉን ያደራርብብኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፍልሽ ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ ሦስተኛ ጠዋቴ ነው። መስመሩ ተንጋዶ ብታዪው አትፍረጂብኝ። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለመምህራችን ብንሰጥ በማስመሪያ ጠርዝ የጣታችንን አንጓ ትለን ነበር።

አገሩ ደህና ነው። ዝናቡ ዘንድሮ እስከ መስከረም አጋማሽ ቆየ፤ ደጋው ላይ ገብሱ ጥሩ ይዟል። ትምህርት ቤቱ ሁለት አዲስ ክፍል ተሠርቶለታል፤ መስኮቱ ግን መስታወት ስላልገባለት ልጆቹ ነፋስ ሲመጣ ደብተራቸው ላይ ይተኛሉ አሉ።

ደብዳቤሽ መስከረም ሃያ ሁለት ቀን ደረሰኝ። ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው የኮንትራቱ ነገር ነው። አሠሪሽ ለሁለት ዓመት ልታድስልሽ ወረቀቱን አዘጋጅታለች፣ እስከ ታኅሣሥ አምስት ፈርሚ ብላሻለች። እናቴ ደህና ከሆነች ፈርሜ ለቤቱ ቆርቆሮ አስገዛለሁ፣ ደህና ካልሆነች ግን እመጣለሁ ብለሻል። ሁለተኛው ጥያቄሽ ከመጀመሪያው የሚቀድም ነበር። በሰኔና በነሐሴ የደረሱሽ ሁለት ደብዳቤዎች «ጽሕፈታቸው የእርስዎ ነው፣ ቃላቸው ግን የእርስዎም የእናቴም አይደለም፤ እባክዎ ቲቸር፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሩኝ» ብለሽ ጻፍሽ።

የጎደለውን አውቀሻል። እናትሽ እኔ ዘንድ መጥታ ስታጽፈኝ፣ ሁሉን ተናግራ ከጨረሰች በኋላ በአገሯ ቋንቋ በኽምጥኛ ሁለት ቃል ታስጨምረኝ ነበር። እኔም እንደ ድምፁ በፊደላችን እጽፈዋለሁ። «ይሄንንስ ፊደልዎ አይችለውም፣ መምህርት» እያለች ትስቅብኝ ነበር። በእነዚያ ሁለት ደብዳቤዎች ላይ ያ ቃል የለም። ሁለቱንም አጎትሽ ገብረ ሊባኖስ አጠገቤ ተቀምጦ እየነገረኝ ነው የጻፍኩት። «እናትሽ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች» ብለው ይጻፉ አለኝ፤ ጻፍኩ። ሁለቱን ቃል እሱ ትዝም አላለው። እኔ ትዝ ብሎኛል፤ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ልጨምረው እችል ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

መልሴን ወዲያው ባደርሰው እንደዚያ እንደ እንግሊዝኛው ደብዳቤ ይሆንብኛል፤ የክፍልሽ ልጅ ደረሰ «እሳት ሊጭር የመጣ ነው» ያለው። ትዝ ይልሻል? አንቺ አሥረኛ ክፍል ነበርሽ፤ ዘመኑ 1990። ታገሺኝና ከዚያ ልጀምር።

እኔ የተማርኩት በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዛዊቷ መምህራችን አንድ ደብዳቤ ነበራት። አንዲት ልጅ ለልደቷ ስለተላከላት ጓንት አክስቷን ታመሰግናለች። ዓመቱን ሙሉ ያንን ገለበጥን። እኔ አክስቴን በዚያ አነጋገር ባመሰግናት ኖሮ ልጅቱን ጋኔን ለከፋት ብላ ጸበል ትወስደኝ ነበር። ነገር ግን አንድም ቀን ነጠላ ሰረዝ አልተሳሳተብኝም፤ በዚህም እኮራ ነበር። መምህር ሆኜ ሰቆጣ ስመጣ ያንኑ ደብዳቤ ይዤ መጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዋግ ልጆች ስለማያውቁት ጓንት የማያውቋትን አክስት አመሰገኑ። የሳተውን በቀይ አሰመርኩ። የሚያመለክቱበት ሥራ፣ የሚያቀርቡት አቤቱታ ሲኖራቸው ግን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለተቀመጠው ጸሐፊ ከፍለው ያስጽፉ ነበር። ይህን አይቼ ሰነፎች ናቸው አልኩ እንጂ ራሴን አልጠየቅሁም።

አንቺ አሥረኛ ክፍል በገባሽበት ዓመት መምህር ምንዋጋው ከክረምት ኮርስ ተመልሶ መጣ። ገና ልጅ ነበር፤ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ዱቄት የነጣ። የእንግሊዝኛ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ፈቃድ ሊጠይቅ መጣ። ልጆቹ ሰዋስው ያውቃሉ፣ ለማንና ለምን እንደሚጽፉ ግን አያውቁም አለኝ። የማመልከቻ ሥራ ሌላ፣ የተረት ሌላ፣ የዘገባ ሌላ፤ እያንዳንዱ የጽሑፍ ዓይነት የራሱ አንባቢና የራሱ እርከን አለው፤ መጀመሪያ በሰው የተጻፈ እናሳያቸውና ይፍቱት፣ ቀጥሎ ከእኛ ጋር ሰሌዳ ላይ አንድ ሆነን እንጻፍ፣ ብቻቸውን የሚጽፉት ከዚያ ወዲያ ነው አለኝ። እኔም «አንተ ልጅ፣ ደብዳቤ ዶሮ ነው እንዴ በብልት በብልቱ የምታወጣው?» አልኩት። እሱ ሆዬ «እንዲያውም ይቀላል፣ መምህርት፤ አሥራ ሁለት አይሞላም» አለኝ። አፉን ስለወደድኩለት ፈቀድኩ። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እንደማይ ግን ነገርኩት።

መጀመሪያ ያሳያችሁ የተበላሸ የውሃ ቧንቧ እንዲጠገን ለመሥሪያ ቤት የተጻፈ አጭር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነበር። አንቺ እጅሽን አውጥተሽ «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ከቢሮው ጋር ተጣልቷል እንዴ?» አልሽ። ለምን ሲልሽ፣ ጤናቸውን ሳይጠይቅ ቧንቧ ብሎ ጀመረ አልሽው። ያኔ ነው ደረሰ ከመስኮቱ ጥግ «እሳት ሊጭር ነዋ የመጣው!» ያለው። ተንጫጫችሁ። እኔ ልቆጣ ተነሣሁ። ምንዋጋው ግን የደረሰን ቃል በአማርኛ ሰሌዳው ላይ ጻፈውና እስኪ የሚቸኩለው ለምንድን ነው፣ አንባቢው ማነው ብሎ ጠየቃችሁ። ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ ያስተማርኳቸው ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ እኔ ያልነገርኳቸውን ሲናገሩ ሰማሁ።

አንድ ላይ የጻፋችሁትማ የትምህርት ቤቱን የውሃ ታንከር ስለማስጠገን ለእርዳታ ድርጅቱ ኃላፊ ነበር። ዘጠኝ ቀን ፈጀ! በዓረፍተ ነገሩ ሁሉ እንደ ሽማግሌ ተሟገታችሁ። ታንከሩ ያፈሳል ብንል ዘበኛውን አያስወቅስም ወይ ብሎ አንዱ ይነሣል፤ ዘበኛው የእሱ አጎት ነው። ስለ ሰላምታው ደግሞ ሁለት ቀን ተከራከራችሁ። ደረሰ የኃላፊውን ከብቶች ደኅንነት ካልጠየቅን ሞቼ እገኛለሁ አለ። ምንዋጋው ሰውየው ከብት የለውም ሲለው «ከብት ከሌለው ማን ሾመው?» አለ። በመጨረሻ አንዲት የጤና ጥያቄ ብቻ ትግባ ተባለና ስምምነት ሆነ። ንጹሑ ሲገለበጥ እኔ እሷን ሰረዝኳት። የእንግሊዝኛ የሥራ ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም አልኩ። ምንዋጋው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ተመልሶ ጻፋት። ከወር በኋላ መልስ መጣ። ኃላፊው በሦስት መስመር በጀት የለንም ካለ በኋላ፣ ወደ ሰቆጣ ከመጣ ወዲህ ስለ ጤናው የጠየቃችሁት እናንተ ብቻ እንደሆናችሁ፣ ጨጓራውን ግን እንደሚያመው ጽፎ ነበር። ታንከሩ እስከ ዛሬ ያፈሳል።

ልነግርሽ የፈለግሁት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። የእንግሊዝኛውን ከእኛ ጋር እንድታስተያዩ፣ ምንዋጋው በየቤታችሁ የተቀመጠ እውነተኛ ደብዳቤ አምጡ አላችሁ። አንቺ ከሣጥን የወጣ፣ እጥፋቱ ላይ ያለቀ ወረቀት ይዘሽ መጣሽ። አንቺ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሽ ከሁመራ፣ ከሰሊጥ አጨዳ የመጣ ነበር። ከአባትሽ ጋር ከሄዱት ሰዎች አንዱ የጻፈው ነው። ተራ በተራ አነበባችሁት፤ እርከኑንም አወጣችሁ። ሰላምታ፣ የጤና ጥያቄ፣ የሥራው ወሬ፣ የእህሉ ዋጋ፣ ከዚያ እዚያ ያሉት የአገር ልጆች ሰላምታ በየስማቸው፣ በመጨረሻም ቡራኬ። እኔ ያን ቀን ሥራችሁን ሳርም፣ አንቺ «በሰላምታው ላይ ስድስት ሰዎች አሉ» ብለሽ የጻፍሽውን አየሁ። አብረው የሄዱት ሰባት ናቸው ብለሽ ከላይ ጽፈሽ ነበር። አባትሽ የለበትም። ጸሐፊው ረስቶ፣ አንቺም ሳታስተውዪ የቀረ መስሎኝ ከሥሩ በቀይ አሰመርኩና «ጎደሎ» ብዬ ጻፍኩበት።

ደብተርሽን ስትቀበዪ ቆመሽ ቀረሽ። «ቲቸር፣ አልተረሳም» አልሽኝ። ከዚያ እናትሽ ምን እንዳደረገች ተናገርሽ። የሰፈራችሁ ዲያቆን ሲያነብላት በጣቷ እየቆጠረች ትሰማ ነበር። ሲጨርስ ሰላምታውን ብቻ ድገምልኝ አለችው። ደገመላት። ጣቷን እንደገና ቆጠረች። ተነሥታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ወደ ጎረቤት ወጣች። ሞተ የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ዲያቆኑም አልገባውም ነበር። ፊደል የማታውቀው እሷ ነች ያነበበችው።

ደረሰ እንኳ ቀልድ አላገኘም። ምንዋጋው ወደ እኔ አላየም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ለዚያች ቀይ መስመር ይቅርታ ጠይቄሽ አላውቅም። በእኔ አስተዳደግ መምህር ተማሪን ይቅርታ አይጠይቅም። እነሆ ከስምንት ዓመት በኋላ እጠይቅሻለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ የፈታሁ እንዳይመስልሽ። እንደ አንቺ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች በረንዳዬ ላይ ይመጣሉ፤ አሁን ስድስት ናቸው። ጓንቱንና አክስቲቱን ትቻለሁ። የማስተምራቸው ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ብቻ ነው። አሞኛል የሚል ለአሠሪ የሚሰጥ ወረቀት፤ ፓስፖርቴን ይመልሱልኝ የሚል ለአስቀጣሪው፤ ደረሰብኝ የሚል ለኤምባሲ። እያንዳንዱን እንደ ምንዋጋው ፈትተን፣ አብረን ጽፈን፣ ከዚያ ብቻቸውን። ይደክመኛል፣ ልጄ። ከጨረሱ በኋላ ይሄዳሉ፤ ሌሎች ስድስት ይመጣሉ። ምንዋጋው ራሱ አሁን አምደወርቅ ነው የሚያስተምረው። በገበያ ቀን ሲመጣ የጠመኔ ስብርባሪ ያመጣልኝና «ዶሮው እንዴት ነው፣ መምህርት?» ይለኛል።

ታናሽ እህትሽ ፅዮን ከእኔ ጋር ናት። ከግንቦት ጀምሮ እኔ ቤት ነው የምታድረው፤ ትምህርት ቤቱ ይቀርባታል። ቆማ ነው የምታጠናው፣ እንደ አንቺ። ባለፈው ሳምንት ከልጃገረዶቹ ጋር ተቀምጣ የ«አሞኛል»ን ወረቀት ጻፈች። ያልታወቀችዋን እመቤት ጤና፣ የልጆቿን ጤና፣ የእናቷን ጤና ጠይቃ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር እኔ ግን ትኩሳት አለብኝ አለች። አላሰመርኩባትም። ለምን ጻፍሽው ብዬ ጠየቅኋት እንጂ። አጎቴ ፎቶ አስነሥቶኛል፣ ለፓስፖርት ነው፣ ዕድሜዬም ሃያ ሁለት ይባላል አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ይህን አንቺ ካልሆንሽ የሚያስቀረው ሰው የለም። እኔ ጡረተኛ አሮጊት ነኝ፤ ገብረ ሊባኖስ ቆሞ ያዳምጠኛል እንጂ አይሰማኝም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በግንቦት አጎትሽና የንስሐ አባታችሁ አባ ወልደ ሐዋርያት ቤቴ መጡ። ገብረ ሊባኖስ ክፉ ሰው አይደለም፤ እያለቀሰ ነው የተናገረኝ። «በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ፎቅ ላይ ናት። ማን ይይዛታል? ማን ውሃ ያጠጣታል? መጥታ በአገሯ፣ በወገኗ መሀል ትስማው» አለኝ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ከብቦ፣ በጠዋት፣ አጠገብ ሆኖ ይነገራል እንጂ በወረቀት አይላክም፤ ይህንንም እኔ አልሽረውም። አባ መስቀላቸውን አውጥተው አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዳልጽፍልሽ ገዘቱኝ። ተገዘትኩ። ስለዚህ ያቺን ዓረፍተ ነገር አልጽፋትም። ብትፈልጊያትም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አታገኚያትም።

ነገር ግን ግዝቱ እንዳልጽፍ ነው እንጂ የሌለውን እንድጽፍ አልነበረም። ሁለቴ የሌለ ጻፍኩልሽ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ስህተት ሳርም ኖሬ፣ በስልሳ ዓመቴ በንጹሕ እጅ ጽሕፈት ዋሸሁ። በዚያ ላይ አንቺ ቆርቆሮ ብለሽ፣ ያንን አምነሽ፣ ሁለት ዓመት ልትፈርሚ ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ እንቅልፌ አልተስተካከለም። አባን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ልጅቱ ከፈረመች በኋላ ብትሰማ የማን ነው ኃጢአቱ አልኳቸው። «ግዝቱ ያው ግዝት ነው፣ መምህርት። ሰላምታ እንዳትልኪ ግን አልከለከልኩም» አሉኝ። አዛውንት ናቸው፤ ብዙ ደብዳቤ አንብበዋል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። አትፈርሚ። ታኅሣሥ አምስት ሳይደርስ ለእመቤትሽ ንገሪያት፤ የመመለሻ ቲኬቱ በኮንትራትሽ ላይ አለ፤ አራተኛው አንቀጽ ነው፣ ቅጂውን ከሣጥኔ አውጥቼ አየሁት። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ መሰረት ነች፤ የአምደወርቅ ልጅ ናት፣ አንቺ ካለሽበት ከተማ ለእረፍት መጥታ ነበር። በፖስታ ያልላክሁት ለዚህ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትገናኙ ትሰጥሻለች፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ አጠገብሽ እንድትቀመጥ አደራ ብያታለሁ። ጠርሙስ ውሃ ይዛለች። አጎትሽ ማን ይይዛታል ላለው ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። እጇን አትግፊ።

እዚህ ያለነው ሁላችን ሰላም እንልሻለን። ፅዮን ሰላም ትልሻለች። አጎትሽ ገብረ ሊባኖስ፣ ሚስቱና አራቱ ልጆቹ ሰላም ይሉሻል። የጎረቤታችሁ እታለም ሰላም ትልሻለች፤ ላሟ ወልዳለች፤ የእናንተንም በር ጠዋትና ማታ እያየችልሽ ነው። አባ ወልደ ሐዋርያት በጸሎት ያስቡሻል። መምህር ምንዋጋው ሰላም ይልሻል። ደረሰ ላሊበላ አስጎብኚ ሆኗል፤ ለፈረንጆቹ እስከ ዛሬ የከብቶቻቸውን ደኅንነት እየጠየቀ ያስቃቸዋል አሉ፤ እሱም ሰላም ይልሻል። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጻፈውን የኽምጥኛ ቃል ፅዮን ታውቀዋለች። ስትመጪ እሷ በአፏ ትልሻለች።

የዋግ ታቦታት ሁሉ መንገድሽን ይጠብቁልሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እግርሽን ወደ ቤትሽ ያቅናው። ዓይኔ ሳይከዳኝ ለማየት ያብቃኝ።

ከማሸጌ በፊት እንደ ልማዴ ጣቴን እያስኬድኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰላምታውንም ቆጠርኩት። የረሳሁት ስም የለም።

አስተማሪሽ